የግራዝማች ሳህሉ ወራሾች

ሚዛን ተፈሪ፣ መስከረም 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ልጅ ለማሚት ልጅ፣ ለተወደድሽው ለህሊና፤

የሰማይና የምድር ጌታ በሰው አገር ከብርዱም ከሰውም ክፋት ይከልልሽ። እኔ ደህና ነኝ። የደም ግፊቴም ደህና ነው። ጉልበቴ ብቻ ከእኔ ተለይቶ ሁለተኛ ጡረታ ወጥቷል።

ይህን የምጽፈው በእጄ ነው። መናኸሪያው አጠገብ የጽሕፈት መሣሪያ የምትሸጠው ሜሮን ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች፤ የአንቺንም አትማ ትሰጠኛለች። ስልኩ እንደምታውቂው ደስ ሲለው ብቻ ነው የሚሠራው። ሜሮን የምትልከውን ሁሉ እንደምታነብ ከተማው ያውቃል። ስለዚህ ስትጽፊ ለእሷም ሰላምታ አቅርቢላት፤ ደብዳቤሽን ለሚያነብ ሰው ሰላም አለማለት ነውር ነው።

ወደ ነገሬ ልግባ። ፈርቻለሁ።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ከገጠር ቤተሰቦች ፍራሻቸውንና ዶሮዎቻቸውን ተሸክመው ከተማ ገቡ። ማን አባረራችሁ ሲባሉ “ወሬ” አሉ። ወሬውን ማን አወራው ሲባሉ “የሚያባርሩን ሰዎች” አሉ። ዕድሜዬን በሙሉ ታሪክ ሳስተምር ምክንያትና ውጤትን እለይ ነበር፤ እንዲህ ተጠላልፈው ግን አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ባለፈው ማክሰኞ፣ የማርያም ዕለት፣ ከቅዳሴ ስመለስ በራችን ላይ በቀይ ቀለም ክብ ተሥሎበታል። የእኔ ብቻ አይደለም፤ በሰፈሩ ስድስት ሰባት በር ተቀብቷል። ከአናጺው ከሙሐመድኑር በር በቀር ሁሉም እንደ እኛ አያቶቻቸው ከሰሜን የመጡ ሰዎች ቤት ነው። ሙሐመድኑር ቱም ከተማ ካለው ሥራው ሲመለስ ምልክቱን አየና “መንገድ ሊያሰፉ ነው” ብሎ እንጨቱ እንዳይወሰድበት አጥሩን በገዛ እጁ አፈረሰው። እኔ ቀበሌ ሄድኩ። “እኛ አልቀባንም” አሉኝ። ማን ቀባው? “አናውቅም።” ይህ አላጽናናኝም። በግብፅ ምድር ምልክት ያለበት ቤት ነበር የሚታለፈው። እዚህ ግን የትኛው እንደሚታለፍ የነገረን የለም።

በሩ ከተቀባ ወዲህ ስለ ወንዙ ዳር መሬት አስባለሁ፤ ከሸዋ ቤንች ወዲህ ስላለው፣ እኔና እናትሽ ቡና ስለምንለቅምበት። አያታችን ግራዝማች ሳህሉ “ገዝቼው ነው” ይሉ ነበር። አባቴ ሊሞት ሲል ግን በጆሮዬ ሌላ ነገር ነገረኝ፤ ለእኔ ብቻ። እዚህ አልጽፈውም። (ሜሮን፣ አትቀየሚኝ።) በሬን የቀባው ሰው ያንን ነገር ያወቀ ይመስለኛል።

የንስሐ አባቴን መምሬ እንድርያስን ጠየቅኋቸው።

“አባቴ፣ ኃጢአት ይወረሳል?”

“ጥንተ አብሶን ነው የምትለኝ? የአዳም በደል ለልጆቹ ተላልፏል። አንተ ግን ተጠምቀሃል፤ ታጥቧል።”

“የአዳምን አይደለም። የግራዝማች ሳህሉን ነው።”

ጢማቸውን ያዝ አደረጉ። “እሳቸው የተለየ ምን ሠሩ?”

“አዳም ከአትክልት ቦታው ተባረረ። የእኔ አያት ሰው የሚኖርበት አትክልት ቦታ ገቡ።”

“ታዲያ አንተ ምን ልትሆን?”

“በእሳቸው ፈንታ ልስገድ?”

“ለሞተ ሰው የሚሰገድ ስግደት የለም። ደግሞ በዚያ ጉልበትህ!”

ታምሩን ታስታውሺዋለሽ። መሬቱ ከእኛ ጋር የሚዋሰነው ነው፤ በወንጌላውያኑ ዘንድ ሽማግሌ ነው። ወንዙ ዳር የአያቱ ነበር። አባቴ የነገረኝን ልንገረው ይሆን እያልኩ ነው። ምን ትያለሽ? እንደ ዘመድ ሳይሆን እንደ ተማረ ሰው ምከሪኝ።

አጎትሽ ኃይለሚካኤል


ጎተንበርግ፣ ጥቅምት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ኃይለሚካኤል፤

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ከጉልበትዎ ጋር ያስታርቅልዎ። እኔና ልጄ ደህና ነን። ለሜሮንም ሰላምታዬ ይድረሳት።

ስለ በሩ አነበብኩ። ምልክቱን ያጥፉት። ወይም አያጥፉት፤ ያጠፋ ሰው የሚደብቀው አለው ይባላል። አላውቅም ጋሼ። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ መሬቱን ይሽጡት። ለማንም ይሁን። ሸጠው ከእማዬ ጋር አዲስ አበባ ይግቡ። የእኔ ድርሻ እንዳለበት አስቤ አይደለም፤ ድርሻዬን ባላየው ደስ ይለኛል።

እንደ ተማረ ሰው ምከሪኝ አሉኝ። የሰው ልጅ ጉድለቱን ሲቀበል ያድጋል፣ አቅሙ ይሰፋል ይባላል። እዚህ አገር ለዚህ ሥልጠና አለ። በቅርቡ ከመሥሪያ ቤቴ ልከውን ነበር፤ ምሳም ነበረው። እያንዳንዳችን ጉድለታችንን በቢጫ ወረቀት ጽፈን ግድግዳ ላይ ለጠፍን። እኔ “ስብሰባ ላይ አረፍዳለሁ” ብዬ ጻፍኩ። አጨበጨቡልኝ። የእኛን ቤት ጉድለት ብለጥፍ ኖሮ አዳራሹ ባዶ ይሆን ነበር። እዚያ ሚዛን ያሉት ሰዎች ደግሞ አዳራሹን ጥለው የሚሄዱ አይመስለኝም፤ ወደ እርስዎ ነው የሚመጡት።

በሥራዬ ከምጦራቸው አረጋውያን መካከል ከሌላ አገር ተሰደው የመጡ አሮጊት አሉ። በጦርነቱ ጊዜ ልጅ ሳሉ ያደረጉትን ነገር በየጠዋቱ ይናዘዙልኛል። እጃቸውን ይዤ “አልፏል” እላቸዋለሁ። ያለቅሳሉ፣ ቁርስ ይበላሉ፣ ይረሱታል። በማግሥቱ እንደ አዲስ ፈርተው ይነቃሉ። መናገር ቢያድን ኖሮ እሳቸው እስካሁን በጸደቁ ነበር።

ሲናገሩ ደግሞ ብቻዎን አይደሉም። እማዬ ቴፒ ሱቋ ውስጥ ተቀምጣለች። ከማን ጋር እንደምትውል፣ ማን ከእሷ እንደሚገዛ ያውቃሉ። ስለ ልጁ ለታምሩ ይቅርና ለግድግዳም አይተንፍሱ።

እማዬን ያዩልኝ። እግርዎን ስሜያለሁ።

ህሊና


ሚዛን ተፈሪ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለህሊና፤

አምላክ ልብሽን ያረጋጋልሽ፤ የእኔ አልረጋም።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። “ስለ ልጁ” ብለሻል። እኔ የጻፍኩት ስለ መሬት ነው። ልጅ የሚል ቃል ከእኔ እስክሪብቶ አልወጣም። ማን ነገረሽ?

ሌላም ነገር ልንገርሽ። ሜሮን ወረቀቱን ስትሰጠኝ ቀና ብላ አላየችኝም። ሁልጊዜ “ጋሼ፣ ብርዱ በረታባት አይደል?” ትለኝ ነበር። ዛሬ “ሁለት ገጽ ነው” አለችኝ፤ ሌላ የለም። ሜሮን የማትጠይቀው ነገር ሲኖር እፈራለሁ። የታምሩ የልጅ ልጅ ቲቶ ደግሞ የክፍል ጓደኛዋ ነበር።

እንግዲህ ግማሹ ከወጣ ሙሉውን ልጻፈው፤ ከሙሉ ነገር ይልቅ ግማሽ ነገር ያስፈራል። ግራዝማች የታምሩን አያት የበኩር ልጅ፣ አሥር ዓመት የማይሞላውን፣ ለግብር መያዣ ብለው ወሰዱት። አባትየው ተመላልሶ ለመነ። በመጨረሻ “ወንዙ ዳር ያለውን ቡናህን ስጠኝና ልጅህን ውሰድ” አሉት። ሰጠ። ልጁ ግን ያን ጊዜ በግራዝማች ግቢ፣ ዛሬ እኔ ባለሁበት፣ አልነበረም። ወደ ሰሜን ለሚመለስ አንድ ሹም በስጦታ ሰጥተውት ሄዷል። ግራዝማች ይህን እያወቁ መሬቱን ተቀበሉ። “ልጁ ከመንገድ ይመጣል፤ ጠብቅ” አሉት። አባትየውም ጠበቀ። አባቴ የነገረኝ ይህን ነው።

አየሽ፣ ንጹሕ አያት ያለው ሰው ዕድሜውን በዘበኝነት ነው የሚጨርሰው። ጥርጣሬ እንዳይገባ በር ላይ ይቆማል። ሌላ ሥራ አይሠራም፤ አይደርሰውም። እኔ ሰባ ዓመቴ ነው፤ ዘበኝነቱ ሰልችቶኛል። ግን ስለ ሰለቸኝ አይደለም የምናገረው። ፈርቼ ነው። በሬን የቀባው ሰው ያውቃል፤ ሜሮን ታውቃለች። ታምሩ ከመናኸሪያ ከሚሰማው ከእኔ አፍ ይስማው።

ነገ ጠዋት እሄዳለሁ። ለማሚት አልነገርኳትም። እሷ ምንም አታውቅም፤ እንዳወቀች ብትደነግጥ ሰዎች ፊቷ ላይ ያዩባታል።

ኃይለሚካኤል


ጎተንበርግ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ኃይለሚካኤል፤

ጤናዎን ሳልጠይቅ ልጀምር፤ ይቅር ይበሉኝ።

አይሂዱ። ይህ ከደረሰዎት አይሂዱ። ከሄዱም ከመንገድ ይመለሱ፤ ጉልበቴ ነው ይበሉ።

የነገረችኝ እማዬ ናት። ወደዚህ አገር ስመጣ፣ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ፣ ሻንጣዬን ይዛ። “አባቴ ለእኔ ብቻ ነግሮኛል፤ አንቺም ለማንም እንዳትናገሪ” አለችኝና ሻንጣውን ሰጠችኝ። ከዚያ ወዲህ ሻንጣ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይመታል። መሬቱን ይሽጡ ያልኩዎትም ለዚህ ነው። ከእጃችን ከወጣ ታሪኩ አብሮ የሚወጣ መስሎኝ ነበር።

ይጻፉልኝ።

ህሊና


ጎተንበርግ፣ ኅዳር 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

መልስ የለም። እማዬ ስልክ አታነሳም፤ መስመሩ ተቋርጧል ይላል። የሚዛንም እንደዚያው። የሰማሁት ወሬ ሁሉ የተለያየ ነው፤ የሚመሳሰለው ሁሉም መጥፎ በመሆኑ ብቻ ነው። ልጄ “ለምን ማቀዝቀዣውን ከፍተሽ ቆምሽ?” አለችኝ። ምን ልፈልግ እንደከፈትኩት አላስታወስኩም።

ሜሮን፣ ይህን የምታነቢው አንቺ ከሆንሽ፣ እህቴ፣ አንድ ቃል ጻፊልኝ። በሕይወት አሉ?

ህሊና


ሚዛን፣ ኅዳር 2

ሰላም እህት ህሊና። ኔትወርክ አሁን ለትንሽ ጊዜ መጥቶ ነው፤ ቶሎ ልላክልሽ። ጋሼን ትናንት አይቻቸዋለሁ፤ በሕይወት አሉ። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው በራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ለምን እንደሆነ አላውቅም። በፊት ያነበብኩትን ለማንም አልተናገርኩም። እኔ ማንበብ እንጂ ማውራት አልወድም።

ሜሮን


ሚዛን ተፈሪ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለህሊና፤

ያላሰብነውን ያሳየን አምላክ፣ አንቺን ደግሞ ያሰብሽውን ያሳይሽ። መብራት ጠፍቶ ሜሮን ማተም ስላልቻለች ደብዳቤዎችሽ ሁሉ በአንድ ቀን ደረሱኝ። አይሂዱ ያልሽኝን ያነበብኩት ከሄድኩ ከወር በኋላ ነው። በቅደም ተከተል ልንገርሽ፤ ካልሆነ እኔም አላምነውም።

ታምሩን ግቢው ውስጥ የተሰጣ ቡና ሲያገላብጥ አገኘሁት።

“መምህር፣ በእግርህ?” አለኝ።

“በእግሬ።”

“ክፉ ነገር ነው እንግዲህ። ለደግ ነገር በባጃጅ ይኬዳል።”

ተቀመጥኩና ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማ፤ እጁ ግን ቡናውን ማገላበጥ አላቆመም። ስጨርስ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ።

“አያቴ ወንዙን ሲሰጥ ልጁ ሄዶ ነበር?”

“ሄዶ ነበር።”

“አያትህ ያውቅ ነበር?”

“የላኩት እሳቸው ናቸው።”

ያን ጊዜ እጁ ቆመ። እንዲህም አለ፤ “አያቴ ለቅሶ ከለከለ። ‘መንገድ ላይ ነው፤ ለመንገደኛ አይለቀስም’ አለ። አባቴ ከዚያ በኋላ ተወለደ። ስንት ወንድም አለህ ሲሉት እሱን ይቆጥር ነበር፤ አይቶት ሳያውቅ። እኛም ስንቆጥር እንቆጥረዋለን።” ህሊና፣ ያ ልጅ በእነሱ ቤት መቶ ዓመት አልፎት በሕይወት ነበር። እኔ ነኝ ያን ዕለት ጠዋት የገደልኩት።

“ሂድ” አለኝ። በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። በኃይል ቢዘጋው ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ማንም አልመጣም። ስልኩ ተቋረጠ። ቲቶ በየቀኑ በሞተር ብስክሌት ያልፋል፤ በራችን ጋ ሲደርስ ያቀዘቅዛል፤ ሰላም ሳይለኝ ይሄዳል። እኔ ሙሉ ልብሴን ለብሼ በር ላይ እቀመጣለሁ። የሚመጣ ነገር ከመጣ በፒጃማ እንዲያገኘኝ አልፈለግሁም፤ ብዙ ተማሪ አለኝ።

አንድ ጠዋት የመጡት ግን የወባ መድኃኒት የሚረጩ ልጆች ናቸው። ጀርባቸው ላይ ታንክ፣ አፋቸው ላይ ጨርቅ። አንዷ በሩን አየችና “እዚህ ቀይ አለ፤ ገና ነው” አለች።

“ምን ማለት ነው ቀዩ?”

“ባለፈው ስንመጣ ቤቱ ዝግ ነበር አባባ። እንዳንረሳው ምልክት አድርገን ሄድን።”

የማርያም ዕለት ነበር። ቤታቸውን ዘግተው የሄዱት ቅዳሴ የሄዱት ናቸው፤ ሙሐመድኑር ደግሞ ቱም ነበር። ልስቅ ፈለግሁ፤ ከንፈሬ እምቢ አለኝ። ለወባ ትንኝ ብዬ አያቴን አሳልፌ ሰጠሁ። ቆይቶ ደግሞ ሜሮንም ለማንም እንዳልተነፈሰች ሰማሁ። እንግዲህ ለመናገር ሁለት ምክንያት ነበረኝ፤ ሁለቱም የሌሉ ነበሩ። የተናገርኩት ግን ነበረ።

ቤቱን ረጭተው በሄዱ ማግሥት፣ ጠዋት፣ ሰዎቹ መጡ። አርባም ሃምሳም ይሆናሉ። ታምሩ ከፊት፣ ቲቶ ከጎኑ፣ ሴቶቹ ከኋላ። ማንም አይናገርም። ጸሎት ልጀምር ብል ከየት እንደሚጀመር ጠፋኝ።

“መምህር” አለ ታምሩ፣ “የእናንተ እድር ድንኳን ትልቅ ነው ይባላል።”

“ትልቅ ነው” አልኩ።

“አስመጣልን። ለቅሶ ልንቀመጥ ነው።”

“የት?”

“እዚህ። ልጁ መጨረሻ የታየው በእናንተ ግቢ ነው። ሌላ መቃብር የለንም።”

ወደ እድሩ ሊቀ መንበር ወደ ባየ ሄድኩ። የቢሮ ሰው ነው፤ ደንብ ይወዳል።

“ሟቹ የእድሩ አባል ነው?” አለኝ።

“አይደለም።”

“መቼ ሞተ?”

“አይታወቅም።”

“መሞቱስ?”

“ከጥቅምት ወዲህ ይመስለኛል።”

ድንኳኑን ሰጠኝ፤ ሲሰጠኝ ግን እንዲህ አለ፤ “አንተ የራስህን አያት ስትከስ የሁላችንንም አያት ነው የከሰስከው። ነገ የሚመጡት ወደ እኔ ነው። አስበህበታል?” አላሰብኩበትም ነበር። አሁን ከእሱ ባላነሰ አስባለሁ።

ማሚት መስመሩ በተከፈተ ቀን ሰምታ በሚኒባስ ደረሰች። ወደ ጓዳ ወሰድኳት።

“ማሚት፣ ሳልነግርሽ የኖርኩት ነገር አለ።”

“ስለ ልጁ ከሆነ አባቴ ነግሮኛል። ለእኔ ብቻ።”

“ለእኔም አባቴ ለእኔ ብቻ ነው የነገረኝ!”

“ለህሊናም እኔ ነግሬያታለሁ” አለችና አፏን በእጇ ያዘች። “ለእሷ ብቻ።”

አንዱ ምስጢር ሦስት ብቸኛ ጠባቂ ነበረው። ከማን እንደጠበቅነው እንጃ። እናትሽ ሱቁን ዘግታ ስትወጣ ጎረቤቶቿ ምን ሆንሽ ሲሏት “ዘመድ ሞቶብኝ” ብላለች። “ደንግጬ ነው ያልኩት፤ ውሸት ግን አልመሰለኝም” አለችኝ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች። ቦታ ለመልቀቅ ትንሽ ቆዩ፤ ከዚያ ለቀቁላት።

በሁለተኛው ቀን ታምሩ “ተነሥና ለእኔ እንደነገርከኝ ለሁሉም ንገር” አለኝ። ተናገርኩ። ስጨርስ ቲቶ ተነሣ።

“መምህር፣ ዘጠነኛ ክፍል ታሪክ አስተምረውኛል።”

“አስተምሬሃለሁ።”

“ይህን ለምን አላስተማሩኝም?”

“መጽሐፉ ውስጥ አልነበረም።”

“እርስዎ ውስጥ ነበር።”

ቀጠለና “መሬቱስ?” አለ። ባየ ከበሩ ጋ ቆሞ ነበር፤ ወጣ። ታምሩ የልጅ ልጁን በእጁ ጎትቶ አስቀመጠው። “ለቅሶ ነው። ለቅሶ ላይ መሬት አይጠየቅም” አለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ “ቡናው ይለቀም። የገና በዓል ሳይደርስ የመሬቱን ነገር በሽማግሌ ፊት ትነግሩናላችሁ” አለኝ። “አንመልስም ብንልስ?” አልኩት። “እሱን እኔም አላውቅም” አለ። ታምሩ አይዋሽም፤ ያ ነው ያስፈራኝ።

ጉድለትን መቀበል አቅም ያሰፋል ያልሽውን አስቤበታለሁ። እኔ እንኳ ነፃ አልወጣሁም። ዘበኝነቱን ለቀቅሁ፤ ሥራ ፈት ሆንኩ ማለት ነው። ሥራ ፈት ሰው ግን ሌላ ሥራ ሊይዝ ይችላል። መምሬ እንድርያስ ለለቅሶው መጥተው ነበር፤ ከወንጌላውያኑ መዝሙር ትንሽ ራቅ ብለው ተቀመጡና “አዳምም ቢሆን ከተባረረ በኋላ ነው ማረስ የጀመረው” አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር አላነሡም፤ ያመለጣቸው ይመስለኛል።

ትናንት ግቢያችን ውስጥ ድንጋይ ተወረወረ። ከየትኛው ወገን እንደሆነ አላወቅሁም። ይህ ለእኔ አዲስ ነው፤ ድሮ ከየት እንደሚመጣ አውቅ ነበር።

እኔና ማሚት መሬቱን ለመመለስ ተስማምተናል። ማሚት እያለቀሰች ነው የተስማማችው፤ ሱቋ የቆመው በዚያ ቡና ነው። ሦስተኛው ድርሻ፣ ሳይወልድ የሞተው የእናትሽ ወንድም ለአንቺ የተናዘዘው፣ የአንቺ ነው። ያለ አንቺ ቃል የእኛ ቃል አይሞላም። ጽፈሽ ላኪልኝ፤ በሽማግሌዎች ፊት አነብላቸዋለሁ። “አይሆንም” ከሆነም ላኪው። ዝምታሽን ግን ቆሜ ማንበብ አልችልም።

አጎትሽ ኃይለሚካኤል


ጎተንበርግ፣ ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ጋሽ ኃይለሚካኤል፤

ድንጋዩን ያሳተልዎ አምላክ ይመስገን። ለእማዬ፣ ለሜሮንም ሰላምታዬ ይድረስ።

መልሴን ሦስት ጊዜ ጻፍኩት። መጀመሪያ “አይሆንም” ብዬ ነበር። መሬቱን ስመልስ “በደለኞች ነበርን” ማለቴ ነው፤ ይህን ከተናገርን በኋላ ማን እንደምንሆን አላውቅም። ከዚያ “እሺ” ብዬ ጻፍኩ። ሳነበው በጣም ቀለለኝ፤ መቅለሉ አሳፈረኝ። ከሩቅ ሆኖ “እሺ” ማለት ምን ይከብዳል? እኔ ከሩቅ ሆኜ ይሽጡ ብያለሁ፣ ይሽሹ ብያለሁ፣ ዝም ይበሉ ብያለሁ። የምለው ነገር ሁሉ የሚደርሰው በእናንተ ላይ ነው።

ስለዚህ ቃሌን አልልክም። ይዤው እመጣለሁ።

ፈቃድ ጠይቄ ትኬት ቆርጫለሁ፤ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ እደርሳለሁ። ልጄን ይዤ ልምጣ አልምጣ ገና አልወሰንኩም። “ለምን ነው የምንሄደው?” ብላ ጠየቀችኝ። “ለቅሶ” አልኳት። “ማን ሞተ?” አለች። አልጋዋ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ለእሷ ብቻ ነው ሳልላት። ጨርሼ ስነሣ “እኛ ነን ያደረግነው?” አለችኝ። “አይደለንም” አልኳት። “ታዲያ ለምን ትፈሪያለሽ?” አለች። መብራቱን ሳላጠፋ ወጣሁ።

ፍርሃቴ አልቀነሰም ጋሼ። ድሮ የምፈራው ያውቁብናል ብዬ ነበር። አሁን የምፈራው ከሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ ድምፄ እንዳይጠፋ ነው፤ ቲቶ የሚጠይቀኝን ነው፤ ከጅማ በኋላ ያለውን መንገድ ነው፤ በየኬላው “የማን ልጅ ነሽ?” የሚለኝን ሰው ነው። እስከዛሬ ለዚህ ጥያቄ መልስ አዘጋጅቼ አላውቅም ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ይጻፉልኝ። ሚዛን ስገባ መጀመሪያ የማንን በር ላንኳኳ፤ የእኛን ወይስ የታምሩን? እርስዎ የአገሩን ወግ ያውቃሉ። እኔ መልሱን አውቀዋለሁ፤ ግን ሰው ቢነግረኝ እግሬ ይታዘዛል።

ህሊና